ከጓዳ እስከ ቴሌቪዥን መስኮት፦ የምግብ ዝግጅት ፕሮግራሞች ከየት መጡ? ምንስ አስተማሩን?



«ሙያ በልብ ነው» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ችሎታ ያለው ሰው ሙያውን አያወራም፣ ሠርቶ ያሳያል ለማለት ነው። በአገራችን ይህ አባባል ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው ጓዳ ውስጥ ነበር። ሴት ልጅ ወጥ መሥራትን የምትማረው ከእናቷ፣ ከአያቷ ወይም ከአክስቷ አጠገብ ቆማ ነው። በመጀመሪያ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ከዚያ እሳት ትቆሰቁሳለች፣ ቀጥሎ ወጥ ታማስላለች፤ አንድ ቀን ደግሞ «ዛሬ አንቺ ሥሪው» ትባላለች። የሚነገር ገለጻ፣ የሚጻፍ መመሪያ፣ የሚለካ ሚዛን አልነበረም። «ጨው ስንት ላድርግ?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ «በመጠኑ» ነው።

ይህ ሙያ ዛሬ በቴሌቪዥንና በስልክ መስኮት ይታያል። የማናውቃት ሴት፣ የማናውቀው ወንድ፣ ካሜራ ፊት ቆመው ከሽንኩርቱ አከታተፍ ጀምሮ እስከ መከለሻው ድረስ አንድ በአንድ እየተናገሩ ያሳዩናል። በልብ የነበረው ሙያ በአፍ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለውጥ ከየት እንደመጣ፣ እኛ ዘንድ ምን እንዳመጣና ምን ሊተካ እንደማይችል ለማስረዳት እንሞክራለን።

ትምህርት ቤት ስለ ወጥ ለምን ይጽፋል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ትምህርት ቤታችን የሚገኘው ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ውስጥ ነው። ከተማሪዎቻችን መካከል ኢትዮጵያን የሚያውቋት ለዕረፍት ጥቂት ሳምንት ሄደው ብቻ የሆኑ ብዙ ናቸው፤ ጭራሽ ያላዩዋትም አሉ። ከወላጆቻችን መካከል ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው ማድ ቤት፣ በምግብ ቤት ወይም በሱቅ ቆመው የሚውሉ አሉ። ማታ ደክሟቸው ሲመለሱ ልጃቸውን አጠገባቸው አቁመው «ቁሌት እንዲህ ነው» ለማለት ጊዜውም አቅሙም አይኖራቸውም። በዚህ ምክንያት በብዙ ቤቶች አጠገብ የምትቆመዋን እናት ቦታ ቀስ በቀስ የያዘው መስኮቱ ነው። አንድ ልጅ ከወላጁ ይማረው የነበረውን ነገር ከሌላ መማር ሲጀምር ጉዳዩ የትምህርት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መምህራን ልንነጋገርበት ይገባል።

በዓለም ላይ እንዴት ተጀመረ?

የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም ዕድሜው ከቴሌቪዥን ዕድሜ ብዙም አያንስም። የእንግሊዙ ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ወዲያው በጥር 1937 ማርሴል ቡሌስታን የተባለ ፈረንሳዊ ምግብ አብሳይ ስቱዲዮ ውስጥ ምግብ ሲሠራ ታይቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ፊሊፕ ሃርበን በዚያው ጣቢያ ቀረበ። ጊዜው እንግሊዝ ውስጥ ቅቤ፣ ሥጋና ስኳር በኩፖን ይታደል የነበረበት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ስለ ድግስ ሳይሆን ባለችው ጥቂት ነገር ቤተሰብ ስለማብላት ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጄምስ ቢርድ በአገሩ ቴሌቪዥን የራሱን ፕሮግራም ጀመረ። በፈረንሳይ ደግሞ ታዋቂው የፓሪስ ምግብ ቤት ባለቤት ሬይሞን ኦሊቬር ከ1954 ጀምሮ ከአስተዋዋቂዋ ካትሪን ላንዤ ጋር እየቀረበ የአገሩን ምግብ ለሕዝብ አስተማረ።

ጃፓን ውስጥ ኤንኤችኬ የተባለው የሕዝብ ጣቢያ በ1957 የጀመረው የምግብ ፕሮግራም እስከ ዘመናችን ዘልቋል። ስሙ በአማርኛ «የዛሬው ምግብ» እንደማለት ነው። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የማኅበረሰብ ታሪክ የሚነበብበት አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያ የምግቡ መጠን ይነገር የነበረው ለአምስት ሰው ነበር፤ ኋላ ለአራት ሆነ፤ በመጨረሻም ለሁለት። ቤተሰቡ እያነሰ ሲሄድ ድስቱም አብሮ አነሰ። እኛ ዘንድ ግን «ለስንት ሰው?» ተብሎ ሲጠየቅ ዛሬም መልሱ «ለመጣው» ነው። በአንድ ማዕድ ዙሪያ መብላት ባህላችን በመሆኑ ወጥ በነፍስ ወከፍ አይለካም።

ከሁሉም በላይ ስሟ የገነነው አሜሪካዊቷ ጁልያ ቻይልድ ናት። ከ1963 ጀምሮ ከቦስተን ከተማ በተላለፈው ፕሮግራሟ የፈረንሳይን ምግብ ለተራው የአሜሪካ ቤተሰብ አስተምራለች። ጁልያ ረጅም፣ ድምፅዋ ለየት ያለ፣ በካሜራ ፊት የማትጨነቅ ሴት ነበረች። አንድ ጊዜ መጥበሻ ላይ ያለውን የድንች ቂጣ ወደ ላይ አንሥታ ልትገለብጥ ስትል ግማሹ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። እሷም ሳትደነግጥ ሰብስባ መለሰችውና ትምህርቷን ቀጠለች። ተመልካቾች እስከ ዛሬ የሚያነሡት ይህንን ነው፤ ለመምህራንም ትልቅ ትምህርት አለው። ተማሪ መምህሩ ሲሳሳትና ስህተቱን ሲያርም ማየቱ እርሱም ሳይፈራ እንዲሞክር ያደርገዋል። የጁልያ ማድ ቤት ከነድስቶቹ ተነቅሎ ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል።

ከዚያ በኋላ ዘርፉ መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1990 ቢቢሲ «ማስተርሼፍ»ን ጀመረ፤ በ1993 ጃፓኖች «አይረን ሼፍ» የተባለውን ውድድር አመጡ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ቀን ስለ ምግብ ብቻ የሚያወራ ጣቢያ ተከፈተ። ትምህርት የነበረው ነገር ውድድርና መዝናኛ ሆነ። ሰዓት ይቆጠራል፣ ዳኛ ይቆጣል፣ ተወዳዳሪ ያለቅሳል። ሰው የሚያየው ሊሠራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለማየትም ሆነ። ይህ ልዩነት ለተማሪዎቻችን ግልጽ እንዲሆን እንፈልጋለን። ምግብ ሲሠራ ማየትና ምግብ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ጥቂት ነበር፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ያይ ነበር። ባልትና በትምህርትነት ይሰጥ የነበረው በትምህርት ቤት «ሆም ኢኮኖሚክስ» በሚል ስም ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ለሴት ልጆች ነበር። ክፍል ውስጥ የሚጋገረው ኬክና ብስኩት፣ ቤት ውስጥ የሚጋገረው እንጀራ መሆኑ ሁለቱን ሳያገናኛቸው ቆይቷል።

በአገራችን ቴሌቪዥን ምግብ ጎልቶ የሚታይበት ጊዜ በዓል ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ልዩ ዝግጅቶች አርቲስቶች ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ዶሮ ሲያወራርዱ፣ ዕንቁላል ሲልጡ እየተቀለደ ማየት የተለመደ ነው። ቀልዱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት ቆጥሮ ማውጣት ያቃተው ወንድ። ሳቁ የሚመጣው ወንድ ጓዳ መግባቱ እንግዳ ነገር ስለነበረ ነው። ዛሬ ግን ያው ቀልድ እንደ ድሮው አያስቅም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ለውጡ የመጣው በሳተላይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሜሪላንድ የተመሠረተው ኢቢኤስ ለኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም በውጭም በሳተላይት መተላለፍ ሲጀምር፣ ምግብ የራሱ ሰዓት ያለው ዝግጅት ሆነ። በአዘጋጇ ስም የተጠራው የጆርዳና የኩሽና ዝግጅት ብዙ ቤት ገብቷል። የቅዳሜና የእሑድ የመዝናኛ ዝግጅቶችም የምግብ ክፍል ጨመሩ። «ኩሽና» የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ መሆኑን ልብ በሉ፤ ምግብና ቃል ድንበር ሲሻገሩ ፓስፖርት አይጠየቁም።

ከወንዶቹ መካከል ሼፍ ዮሐንስ ገብረኢየሱስ ይጠቀሳል። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በፈረንሳይ ሊዮን በሚገኘው የፖል ቦኩዝ የምግብ ሙያ ተቋም ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በቴሌቪዥንም ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ምግብ በእንግሊዝኛ ያሳተመው መጽሐፍ የአገራችንን ማዕድ ለሌላው ዓለም አስተዋውቋል። ሌላው ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተች በኋላ ገና ሕፃን ሳለ በአንድ የስዊድን ቤተሰብ በማደጎ አደገ። ምግብ መሥራትን መጀመሪያ የተማረው ከስዊድናዊቷ አያቱ ነው። ኋላ ኒውዮርክ ሄዶ በዓለም የታወቀ ሼፍ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታላላቅ ሼፎችን የቴሌቪዥን ውድድር አሸነፈ፤ በሌሎች ውድድሮችም ዳኛ ሆኖ ይቀርባል። የትውልድ አገሩን ምግብ የተማረው ግን ካደገ በኋላ፣ ተመልሶ በመሄድ፣ ከሴቶቹ አጠገብ ቆሞ ነው። ይህን ያህል የተማረ ሰው እንኳ በርበሬንና ንጥር ቅቤን ለማወቅ ከባለሙያ እናቶች ጎን መቆም አስፈልጎታል። ከአገር ርቀው ለሚያድጉ ልጆቻችን ታሪኩ ተስፋም ምክርም አለው።

መስኮቱ ምን ለወጠ?

አንደኛው ለውጥ ልኬት ነው። ካሜራ ፊት የቆመ ሰው «በመጠኑ» ብሎ ማለፍ አይችልም፤ «ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት» ማለት አለበት። በእጅና በዓይን ይለካ የነበረው በማንኪያና በኪሎ ተለካ። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። የሒሳብ መምህራኖቻችንም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ለስድስት ሰው የተነገረውን ወደ አራት መቀነስ፣ ግማሽ ኪሎን ወደ ግራም መለወጥ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከማንኛውም የመጽሐፍ ጥያቄ የቀረበ ልምምድ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ወንድ ልጅ ነው። ልብስ ያማረበት፣ ነጭ ሽርጥ የታጠቀ ወንድ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሽሮ ሲያንተከትክ ያየ ልጅ፣ ማድ ቤት መግባት እንደሚያሳፍር አድርጎ አያስብም። እርግጥ ነው፣ ሼፍ መባልና የቤት ወጥ መሥራት ገና አንድ ዓይነት ክብር አላገኙም። ወንድ በደሞዝ ሲሠራው «ሙያተኛ»፣ እናት በየቀኑ ስትሠራው «ግዴታዋ» ይባላል። ይህን ልዩነት ልጆቻችን እንዲያስተውሉት እንፈልጋለን። ቢሆንም በሩ ተከፍቷል። በየቤታችን ወንድ ልጆች ሽንኩርት እንዲልጡና ሰሃን እንዲያጥቡ ስንጠይቅ የምንጠቅሰው ምሳሌ አግኝተናል።

ሦስተኛው ለውጥ አገርን ማወቅ ነው። ቀድሞ አንድ የጎንደር ቤት ጥህሎ አያውቅም፤ አንድ የመቀሌ ቤት ቡላ ላይቀምስ ይችላል። መስኮቱ የጉራጌን ክትፎና ቆጮ፣ የትግራይን ጥህሎ፣ የኦሮሞን ጭኮና ጨጨብሳ፣ የሐረርን ሁልባት መረቅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁሉም አሳየ። ሰው የሌላውን ሕዝብ ባህል ማክበር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከማዕዱ ነው። የጾም ምግብም እንዲሁ። በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ምስር ብቻ ይደጋገምባቸው የነበሩ ቤቶች ሱፍ ፍትፍትን፣ ተልባን፣ አዚፋን፣ ቡቲቻን ከመስኮቱ ተምረዋል።

አራተኛው ለውጥ ግን ደስ የሚል ብቻ አይደለም። የቴሌቪዥኑ ማድ ቤት ሰፊ ነው፣ ያበራል። ምድጃው አራት ዓይን አለው፣ ማቀዝቀዣው ሁለት በር ነው፣ ሥጋው ክምር ነው። እኛ ከምናገለግላቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ የሚያበስሉት በአንድ የከሰል ማንደጃ ወይም በአንድ ዓይን ቡታጋዝ ነው። ልጅ ያየውን ከቤቱ ጋር ሲያወዳድር የእናቱ ምግብ ያንስበታል፤ በተለይ በበዓል ሰሞን «እኛ ለምን እንደዚያ አይኖረንም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ወላጆች ይህን ጥያቄ በቁጣ ሳይሆን በገለጻ እንድትመልሱ አደራ እንላለን። በስቱዲዮ የሚታየው ሽንኩርት ቀድሞ የተከተፈ፣ ሰሃኑ በሌላ ሰው የሚታጠብ፣ ወጪውም ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ በሚያስነግሩ ድርጅቶች የሚሸፈን ነው። የሃርበንን ፕሮግራም ያስታውሱ፤ የምግብ ትምህርት የተስፋፋው በችግር ጊዜ፣ ጥቂቱን ለማብቃቃት ነው። በአንድ ማንደጃ ሦስት ዓይነት ወጥ በየተራ አብስላ ሁሉንም ትኩስ አድርጋ የምታቀርብ እናት ከየትኛውም የቴሌቪዥን ሼፍ አታንስም።

መስኮቱ የማይሰጠው

መስኮት ሽታ የለውም። የቁሌት ትምህርት ደግሞ በአብዛኛው የሽታ ትምህርት ነው። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ሊያር ሲል፣ በርበሬው ጥሬነቱን ትቶ ሲበስል፣ ቅቤው ሲነጠር ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሲገናኙ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ሊጡ መድረሱን የሚያውቀው እጅና ዓይን ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ መስኮት አይጠብቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰጥ የነበረውን የ«ፕላዝማ» ትምህርት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ይዘቱ በደንብ የተዘጋጀ ነበር፤ ሆኖም ተማሪው ሳይገባው ያልፈዋል፣ መምህሩም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። በዚያ ዘመን የተነሣው ዋና ቅሬታ ይኸው ነው። ዛሬ በስልክ የምናየው ቪዲዮ ማስቆምና መመለስ ስለሚቻል ከፕላዝማው ይሻላል። ግን እርሱም ቢሆን የተማሪውን ድስት አያይም። «እሳቱን ቀንሺው፣ እያረረ ነው» የሚል መምህር በመስኮቱ ውስጥ የለም።

ለእኛ ለጅቡቲ ነዋሪዎች ደግሞ አንድ የተለየ ምክንያት አለ፤ የሳይንስ መምህራኖቻችን እንዲያስተምሩበት እንጋብዛለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እኛ ግን ያለነው በባሕር ዳርቻ ነው፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ «ምስሩን ይህን ያህል ደቂቃ ቀቅሉት» የተባለው እዚህ ቶሎ ይደርሳል። እንጀራውም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ሁለትና ሦስት ቀን የሚጠብቀው ሊጥ፣ እርሾ ሙቀት ሲያገኝ ሥራውን ስለሚያፋጥን፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጅቡቲ በጋ ፈጥኖ ይኮመጥጣል። የቪዲዮውን ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰው ሆምጣጣ እንጀራ ይበላል። እዚህ ብዙ ዓመት የኖሩ እናቶች ግን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። ሊጡን በማታ ያቦካሉ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ያስቀምጡታል፣ አብሲቱን ቀድመው ይጥላሉ። ይህ እውቀት በየትኛውም ቴሌቪዥን አልተላለፈም፤ ያለው በቡላኦስ ጓዳዎች ውስጥ ብቻ ነው። ካልተጠየቀና ካልተጻፈም ከባለቤቶቹ ጋር ይሄዳል።

የጓዳ አማርኛ

የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም የቋንቋ ትምህርትም ነው። የአማርኛ ግሥ ሀብት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ጓዳ ነው። እህል ይበጠራል፣ ይታመሳል፣ ይፈተጋል፣ ይከካል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ባቄላ ይዘፈዘፋል። ነጭ ሽንኩርት ይደቆሳል። ሊጥ ይቦካል፣ እንጀራ ይጋገራል። ቅቤ ይነጠራል። ሽንኩርት ይቁላላል፤ የተቁላላው ቁሌት ይባላል። ወጥ ይማሰላል፣ ይንተከተካል፣ ሊወጣ ሲል በመከለሻ ይከለሳል። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በውሃ በስሎ ወደ ሊጡ የሚመለሰው አብሲት ነው፤ እንጀራው ዓይን የሚያወጣው በእርሱ ነው። ከዋናው ምግብ ጋር የሚቀርበው ማባያ ነው። እነዚህን ቃላት ሁሉ «አበሰለ» በሚል አንድ ቃል መተካት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ሰውየው ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

አንዳንድ አቅራቢዎች «ሚክስ እናደርገዋለን»፣ «ፍራይ ካደረግነው በኋላ» ማለት ይቀናቸዋል። ማማሰል፣ ማዋሐድና መጥበስ እያሉ ይህን ማለት አያስፈልግም። ልጆቻችን ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ ሶማልኛና አፋርኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ፈረንሳይኛና አረብኛ ይሰማሉ። የአገሩ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም የሚያሰራጨው በእነዚሁ በአራቱ ቋንቋዎች ነው። በርካታ ቋንቋ ማወቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን አማርኛውን የሚያገኙት ከቤትና ከእኛ ብቻ ስለሆነ፣ ቃሉ ቤት ውስጥ ካልተነገረ ሌላ የሚያገኙበት ቦታ የለም።

ማዕዳችን ራሱ ጎረቤታም ነው። ልጆቻችን እንጀራ በልተው ያድራሉ፤ ጠዋት ባጌት ወይም ላሆህ ይበላሉ፤ በጎረቤት ቤት ስኩዴካሪስ ይቀምሳሉ፤ በታኑር የተጠበሰውን የየመን ዓሣ ከትልቁ ቂጣ ጋር ያውቁታል። ላሆህንና እንጀራን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያየ ልጅ ሁለቱም የቦካ ሊጥ፣ ሁለቱም ዓይን ያላቸው፣ ዘመዳሞች መሆናቸውን ይረዳል። ይህን ዝምድና የሚያሳይ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሰፈራችን በየቀኑ ይታያል።

እንዴት እንጠቀምበት?

ተማሪዎች! የምግብ ዝግጅት ስትመለከቱ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ያልገባችሁን ቃል ጻፉና ቤት ጠይቁ። መጠኑን ጻፉና ለቤተሰባችሁ ቁጥር አስሉት። በዘይትና በእሳት ግን ትልቅ ሰው ሳይኖር አትሞክሩ፤ ቪዲዮው የተቃጠለ እጅ አያክምም። ከሰል ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አታቀጣጥሉ፤ ጢሱ ባይታይም ገዳይ ጋዝ አለው።

ወላጆች! በሳምንት አንድ ቀን፣ አርብም ይሁን በሚመቻችሁ ዕለት፣ ልጃችሁን፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ለግማሽ ሰዓት አጠገባችሁ አቁሙ። ከቴሌቪዥኑ የተማረውን ያሳያችሁ፤ እናንተም «እኛ ቤት እንዲህ ነው» በሉት። «በመጠኑ» ስትሉት ማንኪያ ይዞ ይለካ። እጃችሁ የጨበጠችው ጨው ስንት ማንኪያ እንደሚሆን ምናልባት እናንተም ያን ቀን ታውቁት ይሆናል።

መምህራን! በሚመጣው የትምህርት ዘመን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያለ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የቤቱን ምግብ ከቤተሰቡ ጠይቆ እንዲጽፍ እናደርጋለን። የምግቡ ስም፣ ከየት አካባቢ እንደመጣ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ምን ምን እንደሚገባበት፣ በጅቡቲ ምን እንደተለወጠ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤተሰቡ የሚጠቀምባቸው ግሦች ይመዘገባሉ። የሶማሌ፣ የአፋር ወይም የየመን ምግብ በቤታቸው የሚሠራ ልጆችም ያንኑ በአማርኛ ይጽፋሉ። መጻፍ የማይችሉ አያቶች ይናገራሉ፤ ልጆቹ ይጽፋሉ። ከተሰበሰቡት መካከል የተመረጡት በቀጣዩ የዓመት መጽሔታችን ይወጣሉ።

እስከዚያው ድረስ በዚህ ክረምት ለዕረፍት ወደ ኢትዮጵያ የምትሄዱ ተማሪዎች አንድ ደብተር ያዙ። አያቶቻችሁ ጓዳ ሲገቡ ተከትላችሁ ግቡ፤ ሽንኩርት አምጡ ቢሏችሁ አምጡ፤ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም በሰማችሁበት ቃል ጻፉት።